«ፓራኖይድ» የማን ነው? የብላክ ሳባት ሁለተኛ አልበምና 55 ዓመት የዘለቀው ስሙ

ጁላይ 5 ቀን 2025 በእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ፣ በቪላ ፓርክ ስታዲየም ከ40 ሺህ በላይ ሰው ተሰብስቦ ብላክ ሳባት የተባለውን የሮክ ባንድ ተሰናበተ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቀኑን ሙሉ ሜታሊካ፣ ገንስ ኤንድ ሮዝስ፣ ስሌየር፣ ፓንቴራና ሌሎች ስመ ጥር ባንዶች እየተፈራረቁ ሲጫወቱ ዋሉ፤ ሲመሽ ባለ ቤቶቹ ወጡ። ድምፃዊው ኦዚ ኦዝቦርን በፓርኪንሰን ሕመም የተነሣ መቆም ስላልቻለ ጥቁር ዙፋን ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። አራቱ መሥራች አባላት አንድ መድረክ ላይ አብረው ሲጫወቱ ከ20 ዓመት በኋላ የመጀመሪያቸው ነበር። የተጫወቱት አራት ዘፈን ብቻ ሲሆን፣ ከአራቱ ሦስቱ የተወሰዱት ከአንድ ሸክላ ነው፤ በ1970 ከወጣው ከሁለተኛው አልበማቸው ከ«ፓራኖይድ»።

ከ17 ቀናት በኋላ፣ ጁላይ 22፣ ኦዚ በ76 ዓመቱ አረፈ። የዓለም መገናኛ ብዙኃን በሐዘን መግለጫ ተጥለቀለቁ፤ መግለጫዎቹም ስለ አንድ ሰው ነበሩ። መድረክ ላይ የሌሊት ወፍን በጥርሱ ስለነከሰው ሰው፣ ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር የቴሌቪዥን ትዕይንት ስለሠራው አባወራ፣ ስለ «ጨለማው ልዑል» ተጻፈ። ሐዘኑ እውነተኛ፣ ክብሩም የሚገባው ነበር። ሆኖም በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ «ፓራኖይድ» ቀስ በቀስ የኦዚ አልበም ሆነ። አልበሙን ለሚወድ ሰው ይህ ሊታለፍ የሚገባው ነገር አይደለም። «ፓራኖይድ» ከ55 ዓመት በኋላም የሚደመጠው የአራት ሰዎች ሥራ ስለሆነ ነው፤ አንዱን ብናወጣበት አልበሙ አይቆምም። ይህን ለማየት ወደ ሥራው ራሱ መግባት ያስፈልጋል።

አራቱም የአስተን ልጆች ናቸው። አስተን የበርሚንግሃም የሠራተኞች ሰፈር ነው፤ ቪላ ፓርክም የሚገኘው እዚያው ሲሆን፣ ኦዚ በልጅነቱ ጨዋታ ሊያዩ የሚመጡ ሰዎችን መኪና እየጠበቀ ሳንቲም ይለቅም ነበር። በርሚንግሃም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን አውሮፕላኖች ክፉኛ ከተደበደቡት የብሪታንያ ከተሞች አንዷ ነበረች። እነዚህ ልጆች ከጦርነቱ ማግስት ተወልደው በፍርስራሽ መካከል እየተጫወቱ አደጉ። የሚጠብቃቸው ሕይወት ፋብሪካ ነበር። የኦዚ እናት የመኪና ዕቃ በሚያመርተው የሉካስ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ እርሱም እዚያው ገብቶ የመኪና ክላክስ ድምፅ ሲያስተካክል ውሏል። ከዚያ ቄራ ሠርቷል፤ በስርቆት ተይዞም ጥቂት ሳምንታት ዊንሰን ግሪን እስር ቤት ቆይቷል። ባንዱ አንገቱ ላይ የሚያጠልቃቸውን የብረት መስቀሎች የሠራላቸው መሣሪያ ሠሪው የኦዚ አባት ነው። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጊዘር በትለር ከአየርላንድ የመጣ የካቶሊክ ቤተሰብ ልጅ ሲሆን፣ ሒሳብ ሠራተኛ ለመሆን እየሠለጠነ ሳለ ነው ሥራውን ትቶ ወደ ሙዚቃ የገባው።

የጊታር ተጫዋቹ የቶኒ አዮሚ ታሪክ ግን ብቻውን ሰፋ ተደርጎ ሊነገር ይገባዋል፤ የዚህ ሙዚቃ ድምፅ የተወለደው ከእሱ ጉዳት ነውና። አዮሚ በ17 ዓመቱ በአንድ የላሜራ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። ከባንድ ጋር ወደ ጀርመን ሊሄድ ተስማምቶ ሥራውን የሚለቅበት የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ለምሳ ወደ ቤት በገባበት ላለመመለስ ቢያስብም፣ እናቱ የጀመርከውን ቀን ጨርስ ብላ መለሰችው። በዚያ ቀን ያልለመደው ማሽን ላይ እንዲሠራ ተመደበ። ማሽኑ ወረደና የቀኝ እጁን የመካከለኛና የቀለበት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። አዮሚ ግራኝ በመሆኑ የጊታሩን ክር ተጭኖ ኖታ የሚያወጣው በቀኝ እጁ ነው። ሐኪሞች ከእንግዲህ ጊታር አትጫወትም አሉት።

የፋብሪካው አለቃ ሊጠይቀው ሲመጣ አንድ ሸክላ ይዞለት መጣ፤ የጃንጎ ራይንሃርት ሸክላ። ራይንሃርት በእሳት አደጋ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ከጥቅም ውጭ ሆነውበት በሌሎቹ ጣቶች የተጫወተ ታላቅ የጃዝ ጊታር ተጫዋች ነበር። አዮሚ ይህን ከሰማ በኋላ ተስፋ መቁረጡን ትቶ መላ መፈለግ ያዘ። የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ በጣቶቹ ልክ ቆብ ሠራ፤ ክሩ እንዳያዳልጠው ከአሮጌ የቆዳ ጃኬት ቁራጭ ቆርጦ ለበጠው። የጊታር ክር ለተጎዱ ጣቶቹ ከባድ ስለሆነበት፣ ያን ጊዜ ቀጭን የጊታር ክር በገበያ ባለመኖሩ የባንጆ ክር ገጠመ። በቆቡ ውስጥ ክሩን በደንብ ስለማይሰማው የትኛውን ያህል እንደሚጫን በዐይንና በጆሮ መማር ነበረበት። ጣቶቹ በማይችሏቸው ውስብስብ የኖታ ጥምረቶች ምትክ ሁለት ኖታ ብቻ አጣምሮ መምታትን መረጠ፤ ሳስቶ እንዳይሰማ ደግሞ በዚያው በበርሚንግሃም በተመሠረተው በሌይኒ ኩባንያ ማጉያ ድምፁን አወፈረ። ሄቪ ሜታል የሚባለው ከባድ የሮክ ዓይነት መለያ የሆነው ያ ወፍራም፣ እንደ ግድግዳ የሚቆም የጊታር ድምፅ የመጣው እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደገም አንድ ስሕተት ላርም። የ«ፓራኖይድ» ድምፅ የከበደው አዮሚ ክሮቹን ዝቅ አድርጎ ስለቃኘ ነው ይባላል። ያን ቅኝት በአልበም ላይ የተጠቀመበት በ1971 በወጣው በሦስተኛው ሥራቸው ነው፤ «ፓራኖይድ» የተቀረጸው በተለመደው የጊታር ቅኝት ነው። ይህ ልዩነት ለእኔ ትልቅ ትርጉም አለው፤ በ«ፓራኖይድ» ውስጥ ያለው ክብደት ከጊታሩ ብቻ ሳይሆን ከአራቱ አብሮ አጨዋወት የመጣ መሆኑን ያስረዳልና።

የመጀመሪያው አልበማቸው በ1969 ኦክቶበር፣ ለንደን ውስጥ በአንድ ቀን ተቀርጾ በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970 ወጣ። ሁለተኛው ሴፕቴምበር 18 ላይ ሸክላ ቤት ሲደርስ ሰባት ወር ብቻ ነበር ያለፈው። ቀረጻው የተካሄደው ጁን ላይ ነው፤ አዘጋጁ ሮጀር ቤይን፣ የድምፅ ባለሙያው ደግሞ ቶም አለም ነበሩ። ከአራቱ ትልቁ ገና 22 ዓመቱ ነው፤ በትለር 21 እንኳን አልሞላውም። ሁለተኛ አልበም ብዙ ባንድ የሚሰናከልበት ቦታ ነው። ብላክ ሳባት ያልተሰናከለው አብዛኛውን ሥራ ወደ ስቱዲዮ ከመግባቱ በፊት መድረክ ላይ ጨርሶት ስለነበር ነው። በስዊዘርላንድ ዙሪክ በአንድ ክለብ ውስጥ ጥቂት ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ በቀን ብዙ ዙር እንዲጫወቱ ይጠበቅባቸው ነበር፤ የሚጫወቱት ሲያልቅባቸው እዚያው እየፈጠሩ ያራዝሙት ጀመር። አልበሙን የሚከፍተው «ዋር ፒግስ» ከዚያ ማራዘም ነው የተወለደው።

ይህን ዘፈን በጥሞና መስማት ስለ አራቱ ሰዎች ከማንኛውም ሐተታ በላይ ይናገራል። ርዝመቱ ወደ ስምንት ደቂቃ ይጠጋል። በዝግታ በሚንከባለል ጊታርና ቤዝ ይጀምራል፤ ከበስተጀርባ የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያ ሲረን ይጮኻል። ወላጆቻቸው ያን ድምፅ እየሰሙ ወደ ምሽግ ሲሮጡ የኖሩ ስለሆነ ሲረኑ ለእነዚህ ልጆች የቤተሰብ ትዝታ ነው። ከዚያ ሁሉም ነገር ድንገት ይቆማል። የከበሮ መቺው የቢል ዋርድ ሃይሃት (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋ ጥንድ ጸናጽል) ብቻ ሰዓት እንደሚቆጥር ይመታል፤ ጊታሩና ቤዙ ሁለት አጭር ምት መትተው ዝም ይላሉ፤ በዝምታው መካከል የኦዚ ድምፅ ብቻውን ይወጣል። ድምፁን የሚሸፍንለት አንዳች ነገር የለም። የሄቪ ሜታል መነሻ በሚባለው አልበም የመጀመሪያ ዘፈን ውስጥ ጊታሩ ዝም የሚልበት ቦታ እንዲህ መብዛቱ አሁንም ይገርመኛል። አራቱም መቼ ዝም እንደሚሉ ያውቁ ነበር።

ዋርድን ብዙዎች የሮክ ከበሮ መቺ ብቻ አድርገው ያዩታል። እርሱ ግን ያደገው የጂን ክሩፓንና የበዲ ሪችን የጃዝ ባንዶች እየሰማ ነው። ስለዚህ ምቱን እኩል እየለካ አይጓዝም፤ ጊታሩ የሚለውን ይሰማና ይመልስለታል፤ አንዳንዴ ይቀድመዋል፤ አንዳንዴም ሆን ብሎ ወደ ኋላ ይቀርለታል። ብላክ ሳባትን የተከተሉ እጅግ ብዙ ባንዶች የአዮሚን ጊታር መኮረጅ ችለዋል። ይህን መወዛወዝ መኮረጅ የቻሉት ግን ጥቂት ናቸው። አብዛኛው የኋላ ዘመን ሜታል ፈጣንና ከባድ ሆኖ ሳለ ግትር የሚሆነው ከበሮው ውስጥ ጃዝ ስለጠፋ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ግጥሙ እንለፍ። የአልበሙን ግጥሞች በአብዛኛው የጻፈው በትለር ነው፤ ኦዚ ዜማውን እያወጣ ይዘፍናቸዋል። ይህ የሥራ ክፍፍል ከኦዚ ሞት በኋላ በተጻፉት መታሰቢያዎች ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የተረሳው ነገር ነው። «ዋር ፒግስ» መጀመሪያ ላይ ስለ ጠንቋዮች ሌሊት በሚናገር ርዕስና ግጥም የቀረበ ሲሆን፣ በመጨረሻው መልኩ ጦርነትን አውጀው ራሳቸው ቤታቸው የሚቀመጡትን ፖለቲከኞችና የጦር አዛዦች በቀጥታ የሚከስ ዘፈን ሆነ። ጊዜው የቬትናም ጦርነት የተፋፋመበት ነው። ብሪታንያ ወደ ቬትናም ጦር አላከችም፤ ነገር ግን የአስተን ወጣት ጦርነቱ ቢስፋፋ ማን እንደሚላክ ያውቃል። የጠንቋይ ምስሉ በግጥሙ ውስጥ ከነጭራሹ አልጠፋም፤ አሁን ግን ጠንቋዮቹ ጀነራሎቹ ናቸው፤ በመጨረሻም ፍርድ ይመጣባቸዋል። ሰይጣን አምላኪ ተብሎ የተወገዘው ባንድ በትልቁ ዘፈኑ የሚሰብከው ስለ ፈጣሪ ፍርድ መሆኑን አውጋዦቹ ልብ ያሉት አይመስልም። በትለር የካቶሊክ ልጅ ነውና ይህ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው።

«ሃንድ ኦፍ ዱም» ደግሞ ስለ ሄሮይን ነው። ባንዱ ከቬትናም የተመለሱ አሜሪካውያን ወታደሮች ባሉባቸው የጦር ሰፈሮች ተጫውቶ ነበር፤ ከወታደሮቹም ስንቱ መርፌ እንደለመደ ከአንደበታቸው ሰሙ። ዘፈኑ በቤዝ ጊታር ብቻ፣ በሹክሹክታ ይነሣል፤ ከዚያ ይፈነዳል፤ እንደገና ይረግባል። ሱሰኛውን አያሞግስም፤ አይሳደብበትምም። ምን እያደረገ እንደሆነና መጨረሻው ምን እንደሆነ ይነግረዋል። በዚያ ዘመን ብዙ የሮክ ባንዶች አደንዛዥ ዕፅን እንደ ነፃነት በር ሲዘፍኑለት፣ እነዚህ ሃያዎቹን ገና የጀመሩ ወጣቶች ሬሳውን አሳዩ። እነርሱ ራሳቸው በኋላ ዓመታት በዚያው መንገድ መጎዳታቸው የግጥሙን እውነትነት አይቀንሰውም። «ኤሌክትሪክ ፊዩነራል» ስለ ኑክሌር ጦርነት፣ «አይረን ማን» ደግሞ ወደ ፊት ተጉዞ የዓለምን መጥፋት ስላየ፣ ሲመለስ ወደ ብረት ተለውጦ አፉን መክፈት ስላቃተውና ሊያድናቸው የመጣው ሰዎች ስለናቁት ሰው ነው። ያ ሰው በመጨረሻ ራሱ አጥፊ ይሆናል። ጦርነት፣ ሱስ፣ የኑክሌር እሳት፣ የተናቀ ሰው ቁጣ፤ የአልበሙ ጉዳይ ይህ ነው። ይህ ሁሉ ዛሬም በየዕለቱ ዜና ውስጥ ስላለ አልበሙ እንደ ዘመኑ ፋሽን አላረጀም።

«አይረን ማን» ላይ ሃያሲዎች ለረጅም ጊዜ የሚያነሡት ነቀፌታ አለ። ኦዚ የሚዘፍነው ጊታሩ የሚጫወተውን ሐረግ ራሱን ነው፤ የራሱ ዜማ የለውም ይላሉ። እውነት ነው፤ ድምፁና ጊታሩ አንድ መንገድ ነው የሚሄዱት። ነገር ግን ዘፈኑ ስለምን እንደሆነ እናስታውስ። ወደ ብረት የተለወጠ ሰው ነው የሚናገረው። የሰው ድምፅ ከብረቱ ድምፅ ጋር ተጣብቆ መላቀቅ ሲያቅተው የምንሰማው የሰውዬውን ዕጣ ነው። ኦዚ ታላቅ የድምፅ ስፋት ያለው ዘፋኝ አልነበረም። ያለው ነገር ግን ብርቅ ነው፤ ድምፁ ውስጥ ፍርሃት አለ፤ ፍርሃቱም የተሠራ አይመስልም። የበትለር ግጥም በሌላ፣ በራሱ በሚተማመን ዘፋኝ አፍ ቢገባ ኖሮ ስብከት ይሆን ነበር። በኦዚ አፍ የሠፈር ልጅ ጩኸት ሆነ። የእርሱ ድርሻ ይህ ነው፤ ትልቅም ድርሻ ነው።

ከዚህ ሁሉ መካከል «ፕላኔት ካራቫን» የሚባለው ጸጥተኛ ዘፈን ብዙ ጊዜ ይታለፋል። የኦዚ ድምፅ በሚሽከረከር ድምፅ ማጉያ ውስጥ አልፎ ከሩቅ ውኃ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል፤ አዮሚ የጃዝ ጊታር ይጫወታል፤ ፒያኖውን የነካው የድምፅ ባለሙያው አለም ነው። ይህ ዘፈን ባይኖር አልበሙ ያደክም ነበር።

የአልበሙ ርዕስ የሆነው ዘፈን የተሠራው በመጨረሻ፣ ጎደሎ ለመሙላት ነው። አባላቱ ደጋግመው እንደተናገሩት፣ አዘጋጁ አልበሙ አጠረ፣ አንድ ሦስት ደቂቃ የሚሆን ዘፈን ጨምሩ አለ። ሌሎቹ ወጣ ባሉበት አዮሚ ብቻውን ተቀምጦ ሐረጉን አገኘ፤ ሲመለሱም ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ዘፈኑ አለቀ። ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ግጥሙ ስለ ድብርት ነው፤ ምንም ደስታ ሊሰማው ስላልቻለ፣ ሰው ስላልተረዳው ወጣት። በ1970 የፋብሪካ ሠፈር ልጆች ስለዚህ ጉዳይ እርስ በርሳቸው አያወሩም ነበር፤ በትለር ራሱ ያን ጊዜ በዚህ ስሜት ውስጥ እንደነበረ በኋላ ተናግሯል። ዘፈኑ በነጠላ ሸክላ ወጥቶ በብሪታንያ አራተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። የሙዚቃ ኩባንያው አልበሙ ሊጠራበት ታስቦ የነበረውን «ዋር ፒግስ» የሚለውን ስም ትቶ በዚህ ዘፈን ስም ጠራው። የሽፋኑ ሥዕል ግን በአሮጌው ርዕስ መሠረት አስቀድሞ ተነሥቶ ስለነበር፣ ሰይፍና ጋሻ የያዘ ሰው ስለ ድብርት በሚያወራ ዘፈን ስም በተጠራ አልበም ላይ ቀረ። ለርዕሱ መለወጥ የቬትናም ጉዳይም አስተዋጽኦ እንዳደረገ ይነገራል። ለማንኛውም አጭሩ ዘፈን በር ከፈተ፤ በከፈተው በርም ስምንት ደቂቃ የሚጠጋው የጦርነት ክስ ገባ። አልበሙ በብሪታንያ አንደኛ ሆነ። በጃንዋሪ 1971 አሜሪካ ሲደርስም ሬዲዮ እምብዛም ሳያጫውተው 12ኛ ደረጃ ላይ ወጣ፤ በዚያ አገር ብቻ ለ4 ሚሊዮን ቅጂ የሚሰጠውን ማረጋገጫ አግኝቷል።

የዘመኑ ሃያሲዎች አልወደዱትም። የመጀመሪያውን አልበም በሮሊንግ ስቶን መጽሔት የገመገመው ሌስተር ባንግስ ክሪም የተባለውን ባንድ ለመምሰል ሞክሮ ያልተሳካለት ሥራ አድርጎ ጥሎት ነበር፤ «ፓራኖይድ»ም የተሻለ አቀባበል አልገጠመውም። ለባንግስ ፍትሕ እንስጠው፤ በ1972 ተመልሶ ስለ ባንዱ በሰፊው ጽፎ፣ ግጥሞቻቸው ውስጥ ያለውን የሥነ ምግባር ጥያቄ በቁም ነገር አይቶታል። የተማረው የሙዚቃ ጽሑፍ ዓለም ግን በጥቅሉ ለብዙ ዓመታት ናቃቸው። ንቀቱ ስለ ሙዚቃው ብቻ አልነበረም ብዬ አምናለሁ፤ ማን እንደሚያዳምጠው በማየት የመጣም ነበር። አድማጩ የፋብሪካ ልጅ፣ የትምህርት ቤት ዳርቻ ልጅ፣ በግብዣ ላይ ማንም የማያናግረው ልጅ ነው። አልበሙን ከእጅ ወደ እጅ ያስተላለፈው ያ አድማጭ ነው፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ጊታር ገዙ። ሜታሊካን የመሠረቱት ሰዎች ከዚያ አድማጭ መካከል የወጡ ናቸው፤ በ2006 ብላክ ሳባት ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገባ ያስተዋወቁትም እነርሱ ናቸው። በ2017 ያው ሮሊንግ ስቶን የዘመናት ምርጥ 100 የሜታል አልበሞችን ሲመርጥ አንደኛ ያደረገው «ፓራኖይድ»ን ነው። አንድ መጽሔት የናቀውን ሥራ 47 ዓመት ቆይቶ ከዓይነቱ ሁሉ ቁንጮ ማድረጉ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያን መንገድ የጠረጉት ደግሞ ጸሐፊዎቹ ሳይሆኑ ሙዚቀኞቹ ናቸው።

የተለየ አስተያየት ያላቸው ሰዎች አሉ፤ ሐሳባቸውም ሊናቅ አይገባም። አዲስ የሙዚቃ ዓይነት የተወለደው በመጀመሪያው አልበም ነው፤ ከባዱ ድምፅ የተሟላው በሦስተኛው ነው፤ ታዲያ ሁለተኛው ለምን ይከበራል ይላሉ። በመጀመሪያው ላይ ግን ባንዱ ገና ብሉዝ ይጫወታል፤ የሌሎችን ዘፈንም ይዘፍናል። ሦስተኛው ደግሞ ጊታሩን ያነግሣል፤ እጅግም እወደዋለሁ። አራቱ ሰዎች እኩል የሚሰሙበት ግን ሁለተኛው ነው። «ሃንድ ኦፍ ዱም» የቤዙ ነው፤ ግጥም የሌለው «ራት ሳላድ» የከበሮው ነው፤ «ዋር ፒግስ» የድምፁም የጊታሩም ነው። በሸክላው ላይም ስምንቱ ሥራዎች በሙሉ የአራቱ የጋራ ድርሰት ተብለው ነው የተመዘገቡት።

አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2013 ሦስቱ አባላት ተመልሰው አልበም ሲያወጡ ዋርድ በውል አለመስማማት ምክንያት አልተካተተም። አልበሙ በብሪታንያ አንደኛ ሆነ፤ ከ«ፓራኖይድ» በኋላ በ43 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያቸው ነው። ጥሩ ሥራ ነው፤ ጊታሩ አለ፤ ግጥሙ አለ፤ ድምፁ አለ። ከበሮውም ቦታውን ጠብቆ ይመታል። የሚጎድለው ያ መወዛወዝ ነው፤ ያ ጊታሩን እየሰማ የሚመልስ እጅ። ሁለቱን አልበሞች አከታትሎ የሰማ ሰው ልዩነቱን ለማግኘት የሙዚቃ ትምህርት አያስፈልገውም። ዋርድ በ2017 በበርሚንግሃም በተጠናቀቀው የስንብት ጉዞ ላይም አልነበረም። ይህ ለባንዱ ታሪክ ቁስል ነበር፤ ቪላ ፓርክ ላይ መሻሩ ለእኔ ከዚያ ምሽት ነገሮች ሁሉ የላቀው ነው።

አሁን ጥያቄው በርሚንግሃም ይህን ቅርስ እንዴት ትይዘዋለች የሚለው ነው። ከተማዋ ለብዙ ዘመን ልጆቿን አላወቀቻቸውም፤ አሁን ግን ተቀብላቸዋለች። በሴፕቴምበር 2023 የበርሚንግሃም ሮያል ባሌት በኩባዊው ካርሎስ አኮስታ መሪነት በብላክ ሳባት ሙዚቃ የተሠራ ባሌት አሳየ። በዚያው ወር የከተማዋ ምክር ቤት በጀቱን ማመጣጠን እንዳልቻለ በይፋ አስታወቀ፤ ለኪነ ጥበብ ተቋማት የሚሰጠው ድጋፍም የቁጠባው ሰለባ ሆነ። አንድ ከተማ የሙዚቃ ቅርሱን ለጎብኚ እያሳየ ቀጣዩን ሙዚቀኛ የሚያሳድገውን ገንዘብ ሲቆርጥ ማየት ያሳዝናል። የገንዘቡ ችግር እውነተኛ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን በ1960ዎቹ እነዚህን አራት ልጆች ያወጣቸው በየመጠጥ ቤቱና በየአዳራሹ ሌሊት ሌሊት የሚጫወቱበት ቦታ መኖሩ ነው። ሐውልትና ኤግዚቢሽን ያን ቦታ አይተኩም።

ኤግዚቢሽን ካነሣን፣ በ2025 የከተማዋ ሙዚየም ስለ ኦዚ ብቻ ትልቅ ዝግጅት ከፍቶ ነበር። ብሮድ ስትሪት በሚባለው ጎዳና፣ በባንዱ ስም በተሰየመው ድልድይ ላይ የሚገኘው አግዳሚ ወንበር ግን ከ2019 ጀምሮ የአራቱንም ፊት ይዟል። ጁላይ 30 የኦዚ አስከሬን የያዘው መኪና የቆመው እዚያ ነው፤ ቤተሰቡም በአበባ ክምር የተሸፈነውን ያን ቦታ ወርደው አዩ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በጁን 2025፣ የበርሚንግሃም ምክር ቤት ከተማዋ ለሰው የምትሰጠውን ከፍተኛ ክብር ለኦዝቦርን፣ ለአዮሚ፣ ለበትለርና ለዋርድ ሰጥቷል። ከኤግዚቢሽኑ ይልቅ እኔ ትክክል የምለው ይህን ነው፤ ክብሩ ለአራቱም እኩል ነበር፤ የደረሰውም አራቱም በሕይወት ሳሉ ነው።